የአዳር ጓዝን ካያክ ውስጥ መጫን፦ ምኑ ወዴት ይግባ?

ለአዳር ጉዞ ካያክ (ተቀምጠው በመቅዘፊያ የሚነዱት ጠባብና ረጅም ጀልባ) ሲጫን የሚቸግረው ብዙ ጊዜ የቦታ ማነስ አይደለም። አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝም የባሕር ካያክ የሁለትና የሦስት ሌሊት ጓዝ በደንብ ይይዛል። ፈተናው ክብደቱን ማሳረፉ ላይ ነው። የጀርባ ሻንጣ ሲዛባ ትከሻ ያሳምማል እንጂ መንገድ አያስትም፤ ካያክ ግን ጭነቱ ከተዛባ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ወዳልፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ እሱን በመመለስ ያልቃል።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ጀልባውን ይለኩ። አብዛኛው የባሕር ካያክ ከመቀመጫው ፊትና ኋላ በግድግዳ የተከለሉ ሁለት የጭነት ክፍሎች አሉት፤ አንዳንዱ ከመቀመጫው ጀርባ ሦስተኛ ትንሽ ክፍል ይጨምራል። ክፍሉ ሰፊ ቢሆንም አፉ ጠባብ ነው፤ የፊተኛው ክብ አፍ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ያላለፈ ዕቃ ውስጡ የቱንም ያህል ባዶ ቢሆን አይገባም። የድንኳኑ ዘንግ ሲታጠፍ ያለውን ርዝመት፣ የድስቱን ስፋትና የፍራሹን ጥቅል ውፍረት ለክተው ከአፉ ጋር ያስተያዩ።

የክብደቱ ሒሳብ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ራሱን መቁጠር ይረሳል። አምራቹ የሚጽፈው የጭነት ጣሪያ ቀዛፊውንም ይጨምራል። ጣሪያው 140 ኪሎ ከሆነ፣ ቀዛፊው ከነልብሱና ከነላይፍ ጃኬቱ 85 ኪሎ ቢመዝን የሚተርፈው 55 ነው። እሱንም ሙሉውን አይጠቀሙበት፤ እስከ ጣሪያው የተጫነ ካያክ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጥና ማዕበሉ በላዩ ላይ ያልፋል። ከ15 እስከ 20 ኪሎ መጠባበቂያ ይተዉ። ለአንድና ለሁለት ሌሊት ከነውሃው ከ20 እስከ 30 ኪሎ በቂ ነው።

ከረጢቶቹ

አንድ ትልቅ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ከመያዝ ብዙ ትንንሾችን መያዝ ይሻላል። የ60 ሊትር ከረጢት በጠባቡ አፍ አይገባም፤ ቢገባም ዙሪያውን የማይሞላ ባዶ ቦታ ይተዋል። ከ5 እስከ 13 ሊትር የሚይዙት ለአብዛኛው ዕቃ ይበቃሉ፤ ከ20 ሊትር በላይ የሚሆን እምብዛም አያስፈልግም። ለሁለቱ ሹል ጫፎች ወደ መጨረሻው የሚጠብ ከረጢት ቢገኝ ጥሩ ነው።

ከረጢቱን እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሙሉት። ከዚያ በጉልበትዎ ተጭነው አየሩን ያስወጡ፣ አፉን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ወገን አጥብቀው ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ይቆልፉ። አየር ያለበት ከረጢት እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ስለሚወጠር ከጀልባው ቅርጽ ጋር አይገጥምም። ጢም ብሎ የሞላው ደግሞ ለመጠቅለያ ጨርቅ ስለማይተርፈው ከአፉ ያፈስሳል። እነዚህ ከረጢቶች ዝናብንና ፍንጥርጣሪን ይቋቋማሉ እንጂ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ተዘፍቀው እንዲቆዩ አልተሠሩም። ስለዚህ የመኝታ ከረጢትና የሌሊት ልብስ ሁለት ሽፋን ያስፈልጋቸዋል፦ ውስጡ ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ፣ ውጭው ውሃ የማያስገባው ከረጢት። ሌላው ዕቃ ቢርስ ያናድዳል፤ እነዚህ ከረጠቡ ግን ሌሊቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ምኑ የት

ከባድ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ በመሃል መስመር፣ ለመቀመጫው ቅርብ። ቀላል ዕቃ ወደ ጫፎቹ። ጫፎቹ ከከበዱ ጀልባው ለመዞር ይዘገያል፣ አፍንጫውም ማዕበል ላይ በመውጣት ፈንታ ሰንጥቆ ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ውሃ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ቢያሰሉ አያሳጣዎትም። በአንድ ትልቅ ጀሪካን ፈንታ ባለ2 ወይም ባለ4 ሊትር ለስላሳ የውሃ ከረጢቶች ይያዙ፤ ወለሉ ላይ ተኝተው ቅርጹን ይይዛሉ፣ አንዱ ቢቀደድም ሌላው ይተርፋል። ዋናውን ክምችት ከመቀመጫው ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠግተው ያስተኙት፣ ጥቂቱን በፊተኛው ክፍል ውስጥ ከግድግዳው አጠገብ ያድርጉ። ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ አይርሱ፤ አንድ ባለ2 ሊትር ከረጢት ወደ ጎን ቢንሸራተት እንኳ ጀልባው ማዘንበሉ ይሰማዎታል። በልብስ ከረጢት ግራና ቀኝ ይሸብቡት።

ከውሃው ቀጥሎ የሚከብደው ምግብ ነው። ካርቶኑን በሙሉ ቤት ጥለው በየቀኑ ከፋፍለው በትንንሽ ላስቲክ ያሽጉት፤ የመጀመሪያው ቀን እራት ከላይ ይሁን። ምድጃው ድስቱ ውስጥ ይገባል። ነዳጁ ግን ከምግቡ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ፤ በተለይ ፈሳሽ ነዳጅ ጥቂት ጠብታ ብትፈስስ ሽታው ሩዙ ላይ ይቀራል።

ድንኳኑን ከነከረጢቱ ለማስገባት አይታገሉ። ዘንጎቹን ለብቻ አውጥተው በጎን በኩል በቁመት ያንሸራትቱ፤ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚወርድ ክንፍ ካለ፣ ኋላ ክፍል ውስጥ ክንፉ የሚገባበት ሣጥን ግራና ቀኝ ለዘንግ የተሠራ ይመስላል። ጨርቁ እንደ መሙያ ሆኖ በየክፍተቱ ይወተፋል። ካስማዎቹ በወፍራም ከረጢት ይግቡ፤ ሹላቸው ሌላውን ከረጢት ይበሳል።

የመኝታ ከረጢትና ትርፍ ልብስ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሄዳሉ። ጫፍ ላይ የሚገባው ከረጢት ላይ አንድ ሜትር ያህል ገመድ ይሰሩና ጭራውን አፉ አጠገብ ይተዉት። ገመድ ከሌለው ማታ በጨለማ እስከ ብብትዎ ክንድዎን አስገብተው ሲዳብሱ ያመሻሉ።

የመጫኛው ቅደም ተከተል ከሚወጣበት ተቃራኒ ነው። ደርሰው መጀመሪያ የሚፈልጉት የዝናብ መከለያ፣ ሙቅ ልብስና ድንኳን መጨረሻ ይገባሉ። ሦስተኛው ትንሽ ክፍል ካለ ምሳ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ የጥገና ፕላስተርና አንድ ደረቅ ሹራብ ለእሱ ናቸው። ፉጨት፣ ባትሪና ውሃ የማይገባው ሽፋን ያለው ስልክ ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ላይፍ ጃኬትዎ ላይ ይሁኑ፤ ከጀልባው ከተለዩ የሚቀርዎት ሰውነትዎ ላይ ያለው ብቻ ነው።

የቀረ ባዶ ቦታ ካለ ባዶ ከረጢት ነፍተው ይሙሉበት። ጓዙ እንዳይንከባለል ይይዛል፤ ክዳኑ ቢያፈስስም በአየር በተያዘው ቦታ ውሃ አይገባም።

በመቀመጫው ውስጥ እግርዎ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ምንም አያስቀምጡ። ጀልባው ሲገለበጥ እግር ገመድ ወይም ማሰሪያ ውስጥ ከተጠመደ መውጣት ይከብዳል። ከጀልባው የላይኛው ገጽ ላይ ካርታ፣ ትርፍ መቅዘፊያና የእጅ ፓምፕ ይበቃሉ። እዚያ የታሰረ ትልቅ ከረጢት ነፋስ ይይዛል፣ ክብደቱን ከፍ አድርጎ ጀልባውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል፣ ከውሃ ተመልሰው ሲወጡም እንቅፋት ይሆናል።

ሚዛኑን መፈተሽ

በዓይን ግምት አይመኑ። ባዶውን ካያክ ጸጥ ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ያስቀምጡና ይቀመጡበት፤ ሌላ ሰው የውሃው ልክ በፊትና በኋላ ጫፍ የደረሰበት ላይ ፕላስተር ይለጥፍ። ከዚያ ጭነው ደግመው ይቀመጡና ከፕላስተሩ በላይ በየጫፉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሰመጠ ይለኩ። ሁለቱ እኩል ወይም የኋላው ትንሽ በለጥ ቢል ጥሩ ነው።

ፊቱ ከከበደ አፍንጫው ውሃውን ይይዝና ነፋሱ ቀለል ያለውን ጅራት ይገፋዋል፤ ጀልባው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ኋላው ከልክ በላይ ከከበደ ደግሞ ነፋሱ አፍንጫውን ይገፋና ወደ ነፋሱ መዞር እጅግ ይከብዳል። ማስተካከያው ብዙውን ጊዜ አንድ የውሃ ከረጢት ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከኋላ ወደ ፊት ማዛወር ነው፤ ሁሉንም ማውጣት አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን ሚዛኑ እንደሚቀየር ግን ያስቡበት። የጠጡት ውሃ ሁሉ ከኋላ ከሆነ ጠዋት ፊቱ ከብዶ ይገኛል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ክፍል እያፈራረቁ ይጠቀሙ።

ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት የአፉን ጠርዝ በጣትዎ ዞረው ይጥረጉ። ጥቂት አሸዋ ወይም የከረጢት ማሰሪያ ጭራ ጎማው ሥር ከገባ ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ክዳኑን ዙሪያውን በመዳፍ ተጭነው ያረጋግጡ፤ አንድ ጎኑ ብቻ የገባ ክዳን ከላይ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። በግድግዳው ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ካዩ ብልሽት መስሎዎት አይድፈኗት፤ ፀሐይ ሲያሞቀው የሚሰፋውን አየር ማስወጫ ናት። ከተደፈነች ግፊቱ ክዳኑን ሊያፈነጥረው፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሊያጣብቀው ይችላል።

መጫኛው ቦታ ውሃው ዳር ነው። የተጫነ ካያክ ሁለት ሰው በጫፍ እጀታዎቹ ይዞ ማንሳት ለወገብም ለእጀታውም አይበጅም፤ ማንሳት ግድ ከሆነ ለአራት ሆነው ማሰሪያ ከሆዱ ሥር አሳልፈው ይሸከሙት። አንዱ ጫፍ መሬት፣ ሌላው ውሃ ላይ ሆኖ መሃሉ ተንጠልጥሎ ሳለም አይጫኑ፣ አይቀመጡበትም፤ ወገቡ ይታጠፋል።

የተጫነ ካያክ ለመነሳትም ለመቆምም ይዘገያል፤ ወደ ዳር ሲጠጉ ቀደም ብለው ፍጥነት ይቀንሱ። ማዕበል ባለበት ዳርቻ ሲወርዱ በጀልባውና በመሬቱ መካከል በፍጹም አይቁሙ፤ ከጀልባውና ከጓዙ ጋር ከ50 ኪሎ በላይ የሚሆን ነገር እግር ይሰብራል። ቢገለበጥም ባዶ ሳለ እንደሚደረገው አፍንጫውን አንስቶ ውሃውን ማፍሰስ አይቻልም ማለት ይቻላል። መልሰው ቀጥ አድርገው ከገቡ በኋላ በፓምፕ ይቀዳል፤ ይህንን ከጉዞው በፊት ተጭኖ ሳለ ዳር ላይ መለማመድ ተገቢ ነው።

ግድግዳ የሌለው የመዝናኛ ካያክ ከሆነ ፊቱና ኋላው በተነፋ የአየር ከረጢት ይሞላና ጓዙ ከጀልባው ጋር ይታሰራል፤ ክፍት ጀልባ ያለ አየር ከረጢት ሲገለበጥ ሙሉ በሙሉ ውሃ ይሞላል። ከላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደሚርስ ቆጥረው፣ ከባዱን ከመቀመጫው ኋላ ዝቅ ባለው ገንዳ ውስጥ በሁለት ማሰሪያ አስረው ይጫኑ።

ሲመለሱ የረጠበው ድንኳን ከደረቁ ልብስ ጋር በአንድ ከረጢት አይግባ። ቤት ሲደርሱ ክፍሎቹን በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ ካያኩ በሚቀመጥበት ጊዜ ክዳኖቹ ላላ ብለው ይቆዩ፣ ውስጡ እንዳይሻግት፣ ጎማውም ቅርጹን እንዳያጣ።