ብጉር ተብሎ የሚታለፈው ፊት፦ ሮዛሺያን በጠይም ቆዳ ላይ መለየትና ማከም

ሮዛሺያ መሃል ፊትን እያቀላ፣ እያጋለና ብጉር መሰል እብጠት እያወጣ የሚመላለስ የቆዳ በሽታ ነው። እኛ ሐኪሞች ያጠናነው በነጭ ፊት ፎቶ ነው። ጉንጩና አፍንጫው ቲማቲም መስሏል፤ ማንም አይሳሳትም። ተመላላሽ ክፍል መጥቶ ፊታችን የሚቀመጠው ሰው ግን ጠይም ነው። ቅላቱን የቆዳው ቀለም ይሸፍነዋል። "ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ የለም" የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። አለ። ብጉር፣ አለርጂ ወይም ምች እያልን ነው የምናልፈው።

"ፊቴን ያቃጥለኛል" ትላለች፣ የሚታይ ነገር ግን የለም

እንጀራ ስትጋግር፣ ፀሐይ ላይ ስትቆም፣ ሚጥሚጣ ስትቀምስ ፊቷ ይግላል። ሳሙና ይለበልባታል። ምች ነው ተብላ ዳማከሴ ታሽቶ ተቀብታለች፤ ቆዳዋ ይብስ ተቆጥቷል።

ምክንያቱ የፊት ደም ሥሮች በትንሽ በትልቁ መስፋታቸው፣ ነርቮቹም ቶሎ መቆጣታቸው ነው። በዓይን ብቻ አትፈልጉት። የእጃችሁን ጀርባ ጉንጯ ላይ፣ ቀጥሎ አንገቷ ላይ አድርጉና ሙቀቱን አነጻጽሩ። የላቦራቶሪ ስላይድ መስታወት ጉንጯ ላይ ጫን አድርጉ፤ ቀለሙ ፈዝዞ ስትለቁት ከተመለሰ ቅላት አለ ማለት ነው። ፊቷ በሚግልበት ሰዓት በስልኳ ፎቶ እንድታነሳም ንገሯት። ይህች ፎቶ ብዙ ጊዜ ከእኛ ምርመራ ትበልጣለች።

መፍትሄው ቀስቃሹን ከማወቅ ይጀምራል። የአንዷ ቀስቃሽ የሌላዋ አይደለም፤ ስለዚህ "በርበሬ አቁሚ፣ ቡና አቁሚ" ብሎ በጅምላ መከልከል ደግ አይደለም። ቡናውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ትኩስነቱ ነው የሚቀሰቅሰው፤ ቀዝቀዝ አድርጋ ትሞክረው። ሽታ ያለው ሳሙና ይቅር። ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ፣ በተለይ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ በየቀኑ ትቀባ። ፊትን ነጭ ዱቄት የተነፋበት ማስመሰሉ የሚያስጠላ ከሆነ ቀለም የተቀላቀለበት አለ።

ፊቷ እየጋለ ተቅማጥ የሚያጣድፋት ወይም የደም ግፊቷ ድንገት የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ የቆዳ ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ትሂድ።

ብጉር ይመስላል፣ የብጉር መድኃኒት ግን አባሰው

ዋናው መለያ አንድ ነው፦ ጥቁርና ነጭ ነጥቦቹን፣ ማለትም የተደፈኑትን የቆዳ ቀዳዳዎች፣ ፈልጉ። በብጉር ላይ አሉ፣ በሮዛሺያ ላይ የሉም። ዕድሜም ይረዳል፤ ሮዛሺያ በአብዛኛው ከ30 ዓመት በኋላ ይጀምራል፤ መሃል ፊት ላይ ያርፋል፤ ጀርባና ደረት ላይ አይወርድም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና ትሬቲኖይን ይህን የተቆጣ ቆዳ ያቃጥሉታል።

ለቀላሉ የሚቀባ በቂ ነው፦ ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ በቀን ሁለቴ፣ ወይም አይቨርሜክቲን 1 በመቶ በቀን አንዴ። አዜላይክ አሲድ 15 በመቶ ከተገኘ ለጠይም ቆዳ እወደዋለሁ፤ እብጠቱ ሲጠፋ የሚቀረውን ጥቁር ጠባሳም ያቀላል። እብጠቱ ከበዛ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ይጨመር። 40 ሚሊግራሙ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው፣ ካልተገኘ 100 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይሠራል። በብዙ ውኃ ትዋጠው፣ ወዲያው አትተኛ፣ ከአይረን እንክብል ጋር አታቀላቅለው። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቆዳውንም ለፀሐይ ቃጠሎ ያጋልጣል፤ ይህን ለደጋ ሰው ሳይናገሩ መስጠት ጣጣ ነው።

ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልነገራችኋት በ3ኛው ሳምንት ሌላ ክሊኒክ ነች።

"ክሬሙን ስቀባ ይጠፋል፣ ሳቆም ይብሳል"

በእኔ ግምት እኛ ጋ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በማድያት ነው። ጎረቤት ወይም ሱቅ "ፊት ያጠራል" ብሎ አንድ ቲዩብ ይሰጣል። ውስጡ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። መጀመሪያ ፊቷ ወለል ይላል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይወጣል፣ አፍና አገጭ ዙሪያ ሽፍታ ይፈላል። ለማቆም ስትሞክር ፊቷ ፍም ይሆናል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትቀባለች።

"መድኃኒት ይቀባሉ?" ብላችሁ ብትጠይቁ "አይ" ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም፤ ለእሷ መድኃኒት ሳይሆን መዋቢያ ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ ስንቴ ተሸውጃለሁ። አሁን "ፊትዎ ላይ የሚቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዘውልኝ ይምጡ" ነው የምለው። ፌስታሉ ሲፈታ ምርመራው ያልቃል።

መፍትሄው ስቴሮይዱን ማቆም ነው። ኃይለኛውን ለረጅም ጊዜ ተቀብታ ከነበረ ወደ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ለአጭር ጊዜ ዝቅ እያደረጉ ማስወጣት፣ ወይም በምትኩ ስቴሮይድ ያልሆነውን የቆዳ ቁጣ ማብረጃ፣ ታክሮሊመስን፣ መቀባት ይቻላል። ከጎኑ ዶክሲሳይክሊን ከ6 እስከ 12 ሳምንት። ከሁሉ በላይ ግን አስጠንቅቋት፦ "የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይብስብዎታል፤ መድኃኒቱ እየጎዳዎት አይደለም፣ ክሬሙ እየወጣ ነው።" ቀጠሮውም በ2 ሳምንት ይሁን እንጂ በ2 ወር አይሁን። ማድያቱ ተረጋግቶ በኋላ ይታከማል።

ሌላ ቢሆንስ?

የጉንጭ ሽፍታው ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን እጥፋት ሳይነካ ከተወው፣ መግል ከሌለው፣ መገጣጠሚያም ከታመመ ሉፐስን (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበትን በሽታ) አስቡ። እጥፋቱ ላይና ቅንድብ ላይ ቅባታማ ቅርፊት ካለ ሴቦሪክ ደርማታይቲስ ነው፤ አንዳንዴ ከሮዛሺያ ጋር አብሮ ይመጣል።

አፍንጫ ሲወፍርና ሲጎረብጥ፣ ይበልጡን በወንዶች ላይ፣ ሮዛሺያ ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ "ጠጪ ነው" ብሎ ያማዋል፤ መጠጥ ፊትን ያግላል እንጂ ያንን አፍንጫ አይፈጥርም። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ወይም ሌዘር ነው። ነገር ግን ሰውየው ሽኮኮ ከሚበዛበት ደጋ ከመጣ ቁንጭርን (ከሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የቆዳ በሽታ)፣ ስሜት የጠፋበት ቆዳ ካለው ደግሞ ሥጋ ደዌን ሳታጣሩ ሮዛሺያ ብላችሁ አትጻፉ። ናሙና ይወሰድ።

ዓይኗንም ጠይቁ

"አሸዋ የገባበት ይመስለኛል" ካለች፣ የሽፋሽፍቷ ሥር ከቀላና እብጠት ከተመላለሰባት የዓይን ሮዛሺያ ነው። ፊቷ ላይ ገና ምንም ሳይታይ ሊጀምር ይችላል። ትራኮማ ወይም አለርጂ ተብሎ ጠብታ ሲቀያየርለት ይኖራል። በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ታድርግበት፣ ከዚያ የሽፋሽፍቱን ሥር ትጥረግ፤ ዶክሲሳይክሊንም ይረዳል። ብርሃን ካሳመማት ወይም እይታዋ ከደበዘዘ ግን ኮርኒያው (የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን) ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ላኳት።