ብክነትን እቃወማለሁ የሚል የሕዝብ እንደራሴን እንዴት እንመዝን?

በአሜሪካ የኮንግረስ ምርጫ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ከብክነት እጠብቃለሁ የማይል ተወዳዳሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ብክነትን እደግፋለሁ ብሎ የሚወዳደርም የለምና መፈክሩ ብቻውን አንዱን ከሌላው አይለይም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሌላ ግዛት ድምፅ የምትሰጡ አንባቢዎች ወግ አጥባቂ የበጀት አቋም አለኝ የሚል እንደራሴ ሲያጋጥማችሁ አንድ ጥያቄ ብታስቀድሙ ይበጃል፦ የተቃወመው ወጪ እሱን ራሱን፣ መራጮቹን ወይም ፓርቲውን ምን አስከፈለ? ከዚህ በታች የተዘረዘሩት መፈተሻዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ የሚመልሱ ናቸው፤ ዓመታቱና ወራቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2024 የበጀት ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ወደ 6.8 ትሪሊዮን ዶላር ያወጣ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ወደ 1.5 ትሪሊዮን የሚጠጋው ሶሻል ሴኩሪቲ ለተባለው የጡረታ መርሐ ግብር የዋለ ነው፤ ለዕዳ ወለድ የተከፈለውም በዚያ ዓመት ከመከላከያ ወጪው በልጧል። የኮንግረስ ተቆጣጣሪ አካል የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እንዳስታወቀው ደግሞ በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ያመኑት አግባብ ያልሆነ ክፍያ ወደ 162 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ስርቆት ነው ማለት አይደለም፤ ማስረጃው ያልተሟላ ክፍያም፣ በስህተት ብልጫ የተከፈለም ይገኝበታል። ይሁን እንጂ እውነተኛው ብክነት የሚገኘው በአብዛኛው እዚህ፣ በተለይም እንደ ሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) እና ሜዲኬይድ (የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን) ባሉ ግዙፍ መርሐ ግብሮች ውስጥ ነው።

ይህን መጠን ይዘው ወደ እንደራሴው ንግግሮች ይመለሱ። የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ሴናተር ቶም ኮበርን በየዓመቱ ያወጡት በነበረው የብክነት ዝርዝር፣ በ2014 ዕትሙ፣ ጥንቸሎችን በማሸት ላይ ለተደረገ ጥናት 387,000 ዶላር መውጣቱን ጠቅሰዋል። ዜናው ሳቅ ፈጥሮ በየቴሌቪዥኑ ተሠራጨ። ሆኖም ከላይ የተጠቀሰው አግባብ ያልሆነ ክፍያ ከዚህ ገንዘብ ከአራት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንደራሴው የሚያወራው ስለ ጥንቸል ብቻ ከሆነ ተመልካች እየሰበሰበ ነው፤ በጀት እየቆጠበ አይደለም። ኮበርን ግን በጥንቸሉ ላይ እንዳልቆሙ ከዚህ በታች እናያለን።

ለዚህ ዓይነቱ ምዘና ከዊስኮንሰኑ ዲሞክራት ሴናተር ዊሊያም ፕሮክስማየር የተሻለ ናሙና አላውቅም። ከ1975 እስከ 1988 ድረስ «ወርቃማው የበግ ፀጉር» የሚል የፌዝ ሽልማት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲሰጡ ኖረዋል፤ የመጀመሪያው ሰዎች ለምን በፍቅር እንደሚወድቁ ለሚያጠና ምርምር 84,000 ዶላር ለፈቀደው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነበር። ሽልማቱ ዝናን አመጣላቸው፤ ጣጣም አስከተለባቸው። በዝንጀሮዎች ጠባይ ላይ ምርምር ያደርግ የነበረ አንድ ሳይንቲስት በስም ማጥፋት ከሰሳቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1979 የኮንግረስ አባልነት ከለላ ከምክር ቤቱ ውጭ በሚሠራጭ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ እንደማይሠራ ወሰነ፤ ጉዳዩ በኋላ በስምምነትና በ10,000 ዶላር ክፍያ ተዘጋ። በእኔ አስተያየት ግን የፕሮክስማየር ክብደት ያለው ሥራ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነው። በ1968 የአየር ኃይል የወጪ ባለሙያ የነበረው ኧርነስት ፊትዝጄራልድ ሲ-5ኤ የተባለው የጭነት አውሮፕላን ከታሰበለት ዋጋ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ የመሰከረው በፕሮክስማየር ንዑስ ኮሚቴ ፊት ነበር። የፍቅሩን ጥናትና አውሮፕላኑን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በዘመቻ ወረቀት ላይ እንደሚወጣ ማየት ብዙ ያስተምራል።

በራሳቸው ወጪም ቢሆን ፕሮክስማየር ቆጣቢ ነበሩ፤ በ1976 እና በ1982 ለምርጫ ዘመቻቸው ያወጡት በየጊዜው ከ200 ዶላር በታች ነው። ነገር ግን የወተት አምራቾች ግዛት ለሆነችው ለዊስኮንሰን የሚሰጠውን የወተት ዋጋ ድጋፍ ደግፈዋል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ይህ አንዱ ጉድለት ቀሪውን ሥራቸውን አይሰርዘውም፤ ውጤታቸውን ግን ዝቅ ያደርገዋል። የእርስዎንም እንደራሴ ሲመዝኑ በአካባቢው የሚመረተው ምን እንደሆነ፣ በቆሎም ይሁን የጦር መርከብ፣ አስቀድመው ይወቁና በዚያ ላይ የሰጠውን ድምፅ ይፈልጉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ኢርማርክ ነው፤ ይኸውም አንድ የምክር ቤት አባል ለምርጫ ክልሉ በስም ለይቶ የሚያስመድበው ገንዘብ ነው። ኮንግረሱ በ2011 አግዶት በ2021 በሌላ ስም መልሶታል። አሁን ባለው ደንብ መሠረት ማንኛውም የተወካዮች ምክር ቤት አባል የጠየቀውን ፕሮጀክት በራሱ ድረ ገጽ ላይ መለጠፍና እሱም ሆነ የቅርብ ቤተሰቡ የገንዘብ ጥቅም እንደሌላቸው ማረጋገጥ አለበት፤ ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊታይ ይችላል። የቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩት ሮን ፖል ለክልላቸው ፕሮጀክቶች ገንዘብ ካስገቡ በኋላ በጠቅላላው ረቂቅ ሕግ ላይ የተቃውሞ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ክርክራቸው ኢርማርክ የጠቅላላ ወጪውን መጠን አይጨምርም፣ የሚወስነው ማን እንደሚያከፋፍለው ብቻ ነው የሚል ሲሆን በሒሳብ ረገድ ብዙ እውነት አለው። ሆኖም ረቂቁ ያለ እሳቸው ድምፅ እንደሚጸድቅ እየታወቀ «አይሆንም» ማለት ምንም ስለማያስከፍል፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ከፍ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

በድምፅ መዝገብ ላይ፣ ማለትም በኮንግረስ ዶት ጎቭ፣ ከመጨረሻው ማጽደቂያ ይልቅ ማሻሻያ ሐሳቦችን ይመልከቱ። በ2005 ኮበርን በአላስካ ኬቺካን ከተማን ሃምሳ ያህል ሰው ከሚኖርባት የግራቪና ደሴት ጋር ለሚያገናኘው ድልድይ የተያዘውን 223 ሚሊዮን ዶላር በካትሪና ማዕበል ለተጎዳ የሉዊዚያና ድልድይ እንዲዛወር ሐሳብ አቀረቡ፤ የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ሐሳቡ ካለፈ ሥልጣን እለቃለሁ ብለው ዛቱ፤ ውጤቱም 15 ድጋፍ በ82 ተቃውሞ ሆነ። ኮበርን የገዛ ፓርቲያቸውን አንጋፋ ተቃውመው መቆማቸውና ከእሳቸው ጋር የቆሙት ስሞች ከአንድ ዓመት ንግግር ይልቅ ያስረዳሉ። (ድልድዩ አልተሠራም፤ ገንዘቡ ግን ከአላስካ አልወጣም። አንድን ፕሮጀክት መሰረዝ ሁልጊዜ ገንዘብ መቆጠብ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።)

የተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ደግሞ አቋም በግልጽ የሚታይበት ነው። በግንቦት 2013 አውሎ ነፋስ የኦክላሆማዋን ሙር ከተማ ሲያወድም ኮበርን ለገዛ ግዛታቸው የሚሰጠው ዕርዳታም ቢሆን ከሌላ ወጪ ተቀንሶ እንዲሸፈን እንደሚጠይቁ አስታወቁ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የቴክሳሱ ሴናተር ቴድ ክሩዝ ሳንዲ ለተባለው ማዕበል የቀረበውን ወደ 50 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕርዳታ ከአስቸኳይ ጉዳይ ውጭ የሆነ ብዙ ወጪ አለበት በማለት ተቃውመው ነበር፤ በ2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል ቴክሳስን ሲመታ ግን የፌዴራል ዕርዳታ ጠየቁ። ምክንያታቸውን መስማት ተገቢ ነው፤ ሁለቱን ረቂቆች አነጻጽሮ ልዩነቱ እውነት መሆኑን ማጣራትም እንዲሁ።

ድምቀት የሌለውን ሥራም ይፈልጉ። ኮበርን በ2006 ከዲሞክራቱ ባራክ ኦባማ ጋር ሆነው ያወጡት ሕግ የፌዴራል ውልና ድጎማ ሁሉ በይፋ እንዲታይ አስገድዷል፤ ዛሬ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ ዶት ጎቭ ላይ የክልልዎን ወጪ ማየት የሚችሉት በዚያ ምክንያት ነው። በ2010 ባስገቡት ድንጋጌ መሠረት የተጠያቂነት ቢሮው ከ2011 ጀምሮ ተደራራቢ መርሐ ግብሮችን በየዓመቱ ይዘረዝራል፤ በቢሮው ስሌት ከዚህ የተገኘው ቁጠባና ገቢ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በልጧል። ከጥንቸሉ ዜና ጋር ሲነጻጸር ስለዚህ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ልጨምር። የዕዳ ጣሪያ፣ ማለትም መንግሥት ሊበደር የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ከፍ እንዲል ሲጠየቅ መቃወም አስቀድሞ የተፈቀደን ወጪ አይቀንስም፤ ስለዚህ ብዙ ነጥብ አያሰጥም። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ2018 ከተደረገው የመጀመሪያ አጠቃላይ ኦዲት ወዲህ አንዱንም አላለፈም፤ ይህን ችላ ብሎ የምግብ ዕርዳታን ብቻ የሚመረምር እንደራሴ እየመረጠ ነው የሚቆጥበው።

በመጨረሻ እንደራሴው ከመራጮች ጋር በሚያደርገው ስብሰባ ላይ ከተገኙ ስለ ብክነት በጠቅላላው አይጠይቁት። በዚህ የምርጫ ክልል ውስጥ ገንዘብ ከሚቀበሉት መርሐ ግብሮች የትኛውን ይቀንሳሉ፣ በስንት ዶላር? ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከነቀኑ ይጻፉት፤ የበጀት ዓመቱ ጥቅምት 1 ስለሚጀምር በአሜሪካው በጋና በመስከረም በሚሰጡት የበጀት ድምፆች ላይ የመርሐ ግብሩን ስም ፈልገው ከጻፉት ጋር ያመሳክሩ።