በሥራ ላይ የተጎዱትን ስናስብ የሚደገሙ ስህተቶች፦ ከጅማ ቡና መቀሸሪያ እስከ ሕንፃ መወጣጫ

ሚያዝያ 20 በሥራ ላይ ሕይወታቸውን ያጡና አካላቸው የጎደለ ሠራተኞች የሚታሰቡበት ቀን ነው። የካናዳ ሠራተኛ ማኅበራት በ1976 ዓ.ም. ጀመሩት፤ የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ቀን አድርጎ ያከብረዋል። ለጅማ ቀኑ በጥሩ ወቅት ላይ ይውላል። የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሥራ ጨርሰው ማሽን የሚፈታበት፣ ዝናቡም የመሠረት ጉድጓዶችን መሙላት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ንግግር ከማዘጋጀት በፊት ሊስተካከል የሚችል ብዙ ነገር አለ።

"ቀኑ ደርሶ ነው" ብሎ ነገሩን መዝጋት

ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ለቅሶ ቤት የሚባለው ይኸው ነው። ሐዘንተኛን ሊያጽናና ይችላል፤ ለአሠሪ ግን መልስ ሊሆነው አይገባም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ በሽምግልና ያልቃል። አሠሪው የቀብር ወጪ ይሸፍናል፣ ጥቂት ብር ይጨምራል፣ ቤተሰብ "ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም" ብሎ ይፈርማል። መወጣጫው እንደነበረ ቆሞ በማግስቱ ሌላ ልጅ ይወጣበታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ኃላፊ የማይሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ተጎጂው ሥራ መሥራት በማይችልበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። አሠሪው ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋም የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ በጭነት መኪና ተጭነው ለለቀማ የሚሄዱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ይበጃቸዋል።

ሽማግሌ መቀመጡ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ስምምነቱ ከሕጉ በታች መውረድ የለበትም፤ "ምን ይጠገናል? እስከ መቼ?" የሚል አንቀጽም ይግባበት።

መብራት ሲሄድ ማሽን ውስጥ እጅ ማስገባት

በቡና መቀሸሪያ ቤት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለናል፤ ምክንያቱም የሚሠራው ሰው ጥንቁቅ የሆነ ይመስለዋል። ማሽኑ በጀንፈል (ከነልባሱ በደረቀ ቡና) ይታፈናል፣ በዚያው መብራት ይጠፋል፣ ሠራተኛው "አሁን ቆሟል" ብሎ እጁን ይሰዳል። መብራቱ ይመለሳል። ሞተሩ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ የተያያዘ ከሆነና ማብሪያው እንደበራ ከቀረ፣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። በኮንታክተር (መብራት ሲጠፋ ራሱ በሚላቀቅ ማብሪያ) እና በመጫኛ ቁልፍ የሚነሳ ሞተር ግን መብራት ሲመለስ ሰው እስኪጫነው ይጠብቃል። ለመፈልፈያም ለእንጨት መሰንጠቂያም አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከተቻለ ኮንታክተሩ ይቅደም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዋናውን ብሬከር ማጥፋት። ሳጥኑን በቁልፍ መቆለፍ፤ ቁልፉ የሚቀመጠው በካቦው ሳይሆን እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ነው። "ሰው አለ፣ አትንኩ" የሚል ሰሌዳ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማንጠልጠል። ፑሌጃው (ቺንጊያው የሚዞርበት ጎማ) ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ። በመጨረሻ ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሳቱን ማረጋገጥ፤ ይህችን ብዙዎች ይዘሏታል። በናፍጣ ለሚሠራ ደግሞ ነዳጁን ዘግቶ ቺንጊያውን ማውለቅ ነው።

ቺንጊያው ላይ የነበረው የብረት ከለላ ለጥገና ተፈትቶ "ነገ እንመልሰዋለን" ተብሎ ጥግ ላይ መቅረቱም የተለመደ ነው። በደቂቃ 1,450 ጊዜ በሚዞር ሞተር ላይ ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጃ ካለ፣ ቺንጊያው በሰከንድ ከ11 ሜትር በላይ ይሮጣል። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት ቺንጊያው ከ2 ሜትር በላይ ሄዷል። "ፈጣን ነኝ" ማለት እዚህ ቦታ ትርጉም የለውም። ከለላው ጣት የማያስገባ ወንፊት ሆኖ በብሎን ይታሰር፤ ነጠላና ሻርፕም ማሽን አጠገብ አይለበስ።

ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ተከትሎ መውረድ

የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ገንዳ። በእነዚህ ቦታዎች አንድ ሰው ብቻውን የማይሞትበት ምክንያት አለው፦ ወንድም ለወንድሙ፣ ባልደረባ ለባልደረባው ዘሎ ይወርዳል። የበሰበሰ ቆሻሻ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል። ስለዚህ "ሽታው ጠፋ" ማለት አየሩ ጠራ ማለት አይደለም፤ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። የሚብላላ የቡና ገለፈት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል።

ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መፈተን ያረጀ ዘዴ ነው። ነበልባሉ የኦክስጅን እጥረትን ቢያሳይ ነው እንጂ ሰልፋይዱንም ካርቦን ሞኖክሳይዱንም አያሳይም። ሚቴን ካለ ደግሞ ጉድጓዱን ሊያፈነዳው ይችላል። ውኃ ለመቅዳት የቤንዚን ፓምፕ ወደ ጉድጓድ ማውረድም ገዳይ ነው፤ ጭሱ የሚሄድበት የለውም። ፓምፑ ከላይ፣ ከአፉ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደማይመልስበት ጎን ይቀመጥ።

ጉድጓዱን በመምጠጫ መኪና ማስመጠጥ ከተቻለ ሰው አይውረድ። የግድ ከሆነ ክዳኑ ይከፈት፣ ንጹሕ አየር በማራገቢያና በቱቦ እስከ ታች ድረስ ይነፋ፣ ሰው ታች እስካለ ድረስም አይቋረጥ። አየሩ በጋዝ መለኪያ ይለካ፤ መለኪያ ከሌለ መግባት የለም። የሚወርደው ሰው በደረቱና በትከሻው የሚያዝ መታጠቂያ ይልበስ፣ ገመዱ ከላይ በጠንካራ ነገር ላይ ይታሰር፣ ሁለት ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ይቁም። ቢዝለፈለፍ በገመድ ይጎተታል። ማንም አይከተለውም።

የመሠረት ቁፋሮን እንደ ቀላል ሥራ ማየት

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ከአፈሩ ውጭ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ጥልቀቱ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ግድግዳው በጣውላና በድጋፍ ይያዝ ወይም ወደ ውጭ ተዳፍቶ ይቆረጥ። የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ሌሊት ከዘነበ ጠዋት ፎርማኑ ዞሮ ሳያይ ማንም አይገባም።

የባሕር ዛፍ መወጣጫን በሚስማር ብቻ ማመን

እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በጠዋት አጥብቆ የያዘ ሚስማር ከሳምንታት በኋላ ይላላል። መጋጠሚያው በወፍራም ሽቦ ወይም በገመድ ይታሰር፣ አጣናው በጅማ ቀይ አፈር ላይ በባዶው አይቁም፤ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ። መቆሚያው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፣ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መደገፊያ ይኑረው፣ መወጣጫው ከሕንፃው ጋር በየተወሰነ ርቀት ይያያዝ። በቆረጣ የሚሠራ ለሳኝ እነዚህን ሁሉ ይዘላል፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፣ ዋጋው ሲቆረጥ መወጣጫ የማቆሚያው ቀን ስላልተቆጠረለት ነው።

የጆንያ ክምርን ከሥር መጎተት

ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ከከፍታ ሲመጣ አንገት ይሰብራል። ጆንያዎቹ አንዱ ረድፍ በአንዱ ላይ ተሻግሮ ይደርደር፣ ክምሩ ወደ ላይ እየጠበበ ይሂድ፣ ሲነሳም ከላይ ይጀመር። አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ ከመቀስቀስ ውኃ ረጭቶ መጥረግ ይሻላል፤ አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ የደቀቀውን አቧራ አያግደውም።

ከከፍታ ላይ የወደቀን ሰው በባጃጅ አጥፎ መውሰድ

ደግነት ነው፤ ግን የተሰነጠቀ አከርካሪን እዚያው ሊቆርጠው ይችላል። የሚደማ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፣ ውኃ አይሰጠው፣ ራስና አንገቱ በአንድ መስመር ተይዞ በሰፊ ሳንቃ ወይም በበር ላይ ይተኛ። የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር በሥራ ቦታው በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይገኝ፤ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያደርሰው መኪናም አስቀድሞ ይታወቅ።

የሞቱትን ብቻ መጥራት፣ ለጥቂት የተረፉትን አለመመዝገብ

በመታሰቢያው ስም ሲነበብ የቀን ሠራተኞች ይጎድላሉ፤ ፔሮል ላይ ስላልነበሩ። ጣት የጎደለው፣ ወገቡ የተሰበረው፣ ሳሉ የማይለቀው ሰው በሕይወት እያለ ይረሳል። የሟች ስምና ፎቶ የሚወጣውም ቤተሰብ ተጠይቆ ሲፈቅድ ነው።

መዝገቡ ውድ አይደለም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ማሽን ወይም ምን ሥራ፣ ምን ሆነ፣ ምን ሊሆን ነበር፣ ምን ተስተካከለ፣ ማን አየው። "ጥፋተኛው ማን ነው" የሚል ዓምድ አይኑረው፤ ያን ካስገባችሁ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚጽፍ አይገኝም። ሚያዝያ 20 ላይ ከስሞቹ ቀጥሎ "ምን ተስተካከለ" የሚለው ዓምድ ይነበብ፤ ባዶ የሆነው ረድፍም ባዶ መሆኑ ጮክ ተብሎ ይነገር።