ጎረቤት የትራፊክ መብራቶች አልናበብ ሲሉ፦ ኔትወርኩን ከመንካታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መሃል ላይ ባለው የሐረጎ ዳገት የመኪናው ሰልፍ ስለሚበታተን የሁለቱን ከተሞች አረንጓዴ አገጣጥማለሁ ብላችሁ አትድከሙ። መናበብ ያለባቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች የሚራራቁ መብራቶች ናቸው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው አንዱን መብራት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ቀጣዩን ሌላ ሲይዘውና ሁለቱ በጋራ ኔትወርክ ሲገናኙ ነው። ያኔ ሁሉም ጣቱን ፋይበሩ፣ ማለትም የኔትወርኩ ገመድ ላይ ይቀስራል። ፋይበሩ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አላደረገም።

ሰኞ ደህና ነበር፣ ሐሙስ ተዛባ

ሰዓት ነው። ብዙ ኮንትሮለሮች (ሳጥን ውስጥ ሆነው መብራቱን የሚያዙ ማሽኖች) ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት ከኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወደ ውስጥ ሰዓታቸው ይዞራሉ፣ እሱ ደግሞ በየሳጥኑ የተለያየ ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፣ የጥቂት ሰከንድ ልዩነት ደግሞ አረንጓዴውን ለማበላሸት ይበቃል። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ሰዓት ከአንድ የኤንቲፒ ሰርቨር (በኔትወርክ ሰዓት ከሚያድል ኮምፒውተር) ይውሰዱ። ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) ላይ ዩዲፒ 123፣ ማለትም ሰዓቱ የሚያልፍበት በር፣ መከፈቱን እዩ። ጂፒኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ አንቴናውን ከብረት ሳጥኑ አውጡት፣ ሰማይ ማየት አለበት።

የማታው ፕላን ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ይነሳል

ይሄ የእኛው ጉድ ነው። አንዱ ባለሙያ የሥራ መውጫውን «11፡00» ብሎ አስገባ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቱ ነው። ማሽኑ ግን በፈረንጅ ሰዓት ተረዳውና ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የማታውን ፕላን (የአረንጓዴና የቀይ ሰዓት ድልድሉን) ለቀቀው። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ ኮንትሮለሩ ውስጥ ግን 17፡00 ብቻ። የሰዓት ቀጠናው +3 ይሁን። ከውጭ የመጣው ማሽን በጋና ክረምት ሲለዋወጥ ሰዓት የሚያዛውር ቅንብር ካለው አጥፉት፤ ካልሆነ መጋቢት አካባቢ ድንገት አንድ ሰዓት ይዘላል፣ እናንተም ምክንያቱን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። በዓላትንም አንዴ አስገብቶ መርሳት የለም። ኢድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፣ እንቁጣጣሽም አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል።

ለጥቂት ደቂቃ ይናበባሉ፣ ይለያያሉ፣ ደግሞ ይገጥማሉ

የዙር ርዝመታቸው፣ ማለትም ከአንድ አረንጓዴ እስከ ቀጣዩ አረንጓዴ ያለው ጊዜ፣ ይለያያል። አንዱ 90 ሰከንድ፣ ሌላው 100 ከሆነ የሚገጥሙት በየ900 ሰከንዱ፣ ማለትም በየሩብ ሰዓቱ ነው። ተነጋግራችሁ አንድ አድርጉት፣ ወይም አንዱ የሌላው እጥፍ ይሁን።

ሁሌም በተመሳሳይ ሰከንድ ይሳሳታል

ሰዓቱም ዙሩም አንድ ሆኖ ከዘገየ፣ መነሻውን ጠይቁ። አንዱ ኦፍሴቱን (ከጎረቤቱ መብራት ጋር ያለውን የሰከንድ ልዩነት) ከአረንጓዴው መጀመሪያ፣ ሌላው ከማብቂያው እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዳገቱ ነው። 400 ሜትር በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 36 ሰከንድ ይፈጃል። የጫነ ሲኖትራክ ግን የደሴን አቀበት በ20 ሲወጣ 72 ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ያለውን ፍጥነት ተዉትና መንገድ ዳር ቆማችሁ በስልካችሁ ለኩ። ለዳገትና ለቁልቁለት አንድ ቁጥር አይሆንም።

ፒንግ ይመልሳል፣ ሶፍትዌሩ ግን አያየውም

አሁን ወደ ኔትወርኩ መጣን። ፒንግ (ማሽኑን «አለህ ወይ?» ብሎ መጣራት) ማለፉ መንገድ መኖሩን እንጂ በሩ መከፈቱን አይናገርም። ኮንትሮለሩ በኤስኤንኤምፒ (ማሽንን ከሩቅ ማያና ማዘዣ ቋንቋ) የሚያወራ ከሆነ ዩዲፒ 161 ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉም በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን። አንዴ እየመጣ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የአይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ግጭት ጠርጥሩ። ሁለቱም መሥሪያ ቤት ለብቻው ሳለ 192.168.1 ብሎ ጀምሯል፣ ሲገናኙ ሁለት ሳጥን አንድ አድራሻ ያዘ። ለአንዱ 10.20፣ ለሌላው 10.30 ብላችሁ ከፋፍሉ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መውጫ የለውም።

ማንም ሳይነካው ፕላኑ ተቀየረ

ነክቶታል። ለጎረቤት መሥሪያ ቤት የማየት ፈቃድ ብቻ ስጡ፣ የመቀየር መብት የባለቤቱ ይሁን። ዙሩን ማን እንደሚወስንም በጽሑፍ ተስማሙ።

ብልጭ ድርግም ይላል

በኔትወርክ አታሳቡ። መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ ኮንትሮለሩ በራሱ ፕላን መቀጠል አለበት። ብልጭ ድርግም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጠባቂው ክፍል የሚጋጩ ሁለት አረንጓዴዎች አንድ ላይ ሲበሩ ስላየ ወይም አምፖልና ሽቦ ስለተበላሸ ነው። «ለጊዜው» ብላችሁ ጠባቂውን በሽቦ እንዳትዘሉት፣ ሰው ያስገድላል። የትራፊክ ፖሊስ ጠርታችሁ መስቀለኛውን አስይዙ፣ ከዚያ ሽቦውን ፈትሹ።

ማስተካከያ ካስገባችሁ በኋላ ወዲያው አልሠራም ብላችሁ መልሳችሁ አትነካኩ። ኮንትሮለሩ ወደ አዲሱ ፕላን የሚገባው ቀስ በቀስ፣ በጥቂት ዙሮች ውስጥ ነው።