ከውሻና ከድመት ፎቶ ላይ ዕቃ ስታጠፉ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰዎች የውሻቸውን ወይም የድመታቸውን ፎቶ ይልኩልኛል። «ይቺን ገመድ ብቻ አጥፋልኝ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ እንስሳው ሞቷል፤ የቀራቸው ደህና ፎቶ ያ አንዱ ነው። ራሳቸው ሞክረው አልሆን ሲላቸው የሚመጡም አሉ። የሚበላሸው ቦታ ሁሌም አንድ ነው፤ ፀጉሩ።

ሳሩ ላይ ያረፈው ገመድ ቀላል ነው፤ ሂሊንግ ብራሽ (ቦታውን ከአካባቢው ጋር አመሳስሎ የሚሸፍነው የፎቶሾፕ መሣሪያ) አንዴ ሲያልፍበት ይጠፋል። ጉዱ አንገቱ ጋ ሲደረስ ነው። ሰው እዚያም ያንኑ ብራሽ ይዞ ይገባል። ወይም በክሎን ስታምፕ ከጀርባው ፀጉር ቀድቶ አንገቱ ላይ ይለጥፋል። ኧረ እባካችሁ! የእንስሳ ፀጉር አቅጣጫ አለው። ጀርባው ላይ ወደ ጭራ ይተኛል፤ ደረቱ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ርዝመቱና የሚያርፍበት ብርሃንም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የጀርባ ፀጉር አንገት ላይ ሲሄድ የተጣፈ ጨርቅ ይመስላል። ፎቶውን የሚያይ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ እዚያው ላይ ይቀራል።

ከሩቅ አትቅዱ፤ ከገመዱ ግራና ቀኝ፣ እዚያው አጠገቡ ካለው ፀጉር ቅዱ። ኪቦርዱ ላይ አልት የሚለውን ቁልፍ እየተጫናችሁ የምትቀዱበትን ቦታ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ያው አንድ ቁራጭ ፀጉር ሦስት አራት ቦታ ይደገማል። የብራሹ ጠርዝ በጣም ከለሰለሰ ፀጉሩ ይደበዝዛል፣ በጣም ከደረቀ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል፤ መሀሉን ያዙ። መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል በሆነ ቀጭን ብራሽ፣ ቀለሙን ከጎኑ ወስዳችሁ፣ መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ፀጉሮች ሳሉበት።

የአንገት ቀበቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀበቶ ፀጉሩን ይጫነዋል። ቀበቶውን አጥፍታችሁ ስታዩት አንገቱ ስርጉድ ብሎ ይቀራል። ያንን ቦታ ከፍ አድርጋችሁ ካልሞላችሁት ቀበቶው ባይታይም እንዳለ ይቆጠራል።

ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ ባዶ ሌየር (ከፎቶው በላይ የሚነጠፍ ግልጽ ንጣፍ) ጨምራችሁ እዚያ ላይ ሥሩ።

የምግብ ሳህን አጥፍቶ ጥላውን መርሳትም አለ። የድመት ጢም ከሚጠፋው ዕቃ ፊት ካለፈ አብሮ ይቆረጣል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ብራሹን ሳታነሱ በአንድ ጊዜ መልሳችሁ ሳሉት። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ ወይም ስትቀበሉ በፋይል መልክ ይሁን፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ቀጫጭኑ ፀጉር መጀመሪያ የሚጠፋው ያኔ ነው።

የተመረጠውን ቦታ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሚሞላው ጀነሬቲቭ ፊል እ.ኤ.አ. በ2023 ፎቶሾፕ ውስጥ ከገባ ወዲህ አዲስ ጥፋት መጥቷል። ለግድግዳና ለሳር ግሩም ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሰው ግን ሰፋ አድርጎ ሲመርጥ ጉንጩን ወይም ጆሮውን ይነካል። ፕሮግራሙ ያንን ውሻ አያውቀውም፤ ያምራል ብሎ የገመተውን ውሻ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ግን ያንን ፊት ለዓመታት አይቶታል። የተቀየረችው ትንሽ ነገር ወዲያው ትታየዋለች።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ድመት ፎቶ ላይ የወንበር እግር እያጠፋሁ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቆሻሻ መስላኝ አብሬ አነሳኋት። የድመቱ ባለቤት በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ፎቶውን ዝም ብለው አዩት፣ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ አፍንጫው ላይ ያለችው ነጥብ የታለች?» አሉኝ። ነጥቧን ያነሳሁት ለብቻው በሆነ ሌየር ላይ ስለነበር ያንን ሌየር ስዘጋው ነጥቧ ተመለሰች። እሳቸውም በጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነካ አደረጓት።

አሁን ፎቶ ሲመጣልኝ ገና ሳልከፍተው «ፊቱ ላይ ምን ምልክት ነበረው?» ብዬ እጠይቃለሁ።