የፊት መጨማደድን ለማከም ከመወሰንዎ በፊት

በፊትዎ ላይ የሚታየው ለውጥ አሳስቦዎት ሕክምና ለመጀመር ካሰቡ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መስታወት ፊት ቆመው መስመሮቹ የሚታዩት ሲስቁና ፊትዎን ሲቋጥሩ ብቻ ነው ወይስ ዘና ባሉበት ጊዜም ጭምር የሚለውን ይለዩ፤ መፍትሔው እንደ መንስኤው ይለያያልና።

በዕድሜ የሚለወጠው ቆዳ ብቻ አይደለም። ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ይሳሳል ወይም ወደ ታች ይወርዳል፣ የመንጋጋና የዓይን ዙሪያ አጥንት ሳይቀር ይመነምናል፤ ስለዚህ የጎደጎደን ጉንጭ ቅባት ብቻውን ይሞላዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

በጡንቻ እንቅስቃሴ ለሚመጡ መስመሮች የሚሰጠው የቦቶክስ መርፌ ጡንቻውን ለጊዜው የሚያዝናና ሲሆን፣ ውጤቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። የጎደለውን ቦታ የሚሞላው ፊለር (በመርፌ የሚሰጥ መሙያ) በሰውነታችንም ውስጥ በተፈጥሮ ከሚገኘው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ከሆነ፣ ባስፈለገ ጊዜ ሐኪሙ በኢንዛይም ሊያሟሟው ስለሚችል፣ ለጀማሪ ከቋሚዎቹ ዓይነቶች ይልቅ ይህ ይሻላል እላለሁ። ሆኖም ፊለሩ በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያሳውር ስለሚችል፣ መርፌውን የሚወጋዎት ሰው ፈቃድና ልምድ ያለው ሐኪም መሆኑን ሳያረጋግጡ አይወጉ።

ከሁሉም በፊት ግን (ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው) የመከላከል አቅሙ (በማሸጊያው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ ይቀቡ። ማታ ማታ የሚቀባው የሬቲኖይድ (የቫይታሚን ኤ ዝርያ) ቅባትም ለደቃቅ መስመሮች የሚረዳ ቢሆንም፣ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሊጠቀሙበት አይገባም።