የካንሰር መድኃኒት ለሚያዙ ከፍተኛ ነርሶችና ረዳት ሐኪሞች
ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶችና ረዳት ሐኪሞች በካንሰር ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚያዙት ስፔሻሊስቱ የጀመረውን ሕክምና ቀጣይ ዙር ነው። በዚህ ሥራ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ያለፈውን ማዘዣ እንዳለ መገልበጥ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ላይ የነበረ ስሕተት አብሮ ይገለበጣል፤ በመሐል የተለወጠው የታማሚው ሁኔታ ግን ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ በየዙሩ ዋናውን ፕሮቶኮል (የሕክምናውን የጽሑፍ መመሪያ) ከፍተው የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ የሚሰጥበትን መንገድና ቀን ያመሳክሩ። ታማሚውን በዕለቱ ያስመዝኑ። የብዙዎቹ መድኃኒቶች መጠን የሚወሰንበትን የሰውነት ገጽ ስፋት ለማስላት ቁመትን በሴንቲሜትር ከክብደት በኪሎግራም ጋር አባዝተው ለ3600 ያካፍሉ፤ የውጤቱ ስኩዌር ሩት መልሱ ነው። ካርቦፕላቲን የተባለው መድኃኒት ግን የሚሰላው በኩላሊት የማጣራት አቅም ስለሆነ የቅርብ ጊዜ የክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ሳይያዝ ሊታዘዝ አይገባም። ፋርማሲስቱም የእርስዎን ውጤት ሳያይ ስሌቱን ለብቻው ይሥራው።

አጻጻፉም ከስሌቱ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በቦስተን፣ በ4 ቀናት ተከፋፍሎ መሰጠት የነበረበት የሳይክሎፎስፋማይድ ጠቅላላ መጠን በየቀኑ ሙሉውን በመሰጠቱ አንዲት ታማሚ ሕይወቷ አልፏል። የየቀኑን መጠንና የዙሩን ድምር ለይቶ የማያሳይ ማዘዣ ዛሬም ለዚያው ስሕተት በር ይከፍታልና ሁለቱንም ለየብቻ ይጻፉ። የመድኃኒት ስም አያሳጥሩ፤ «5.0» ብለውም አይጻፉ፣ «50» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ቪንክሪስቲን በደም ሥር ብቻ እንደሚሰጥ በግልጽ ያስፍሩ፤ በስሕተት ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ከገባ ሕይወት ያጠፋል።

ከመፈረምዎ በፊት የደም ምርመራውን ይመልከቱ። ለብዙዎቹ ኬሞቴራፒዎች የተለመደው መነሻ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከል ነጭ የደም ሕዋስ) በማይክሮሊትር ከ1,500፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ሕዋስ) ደግሞ ከ100,000 አለማነሱ ነው፤ ፕሮቶኮሉ ሌላ ቁጥር ካስቀመጠ ግን እርሱን ይከተሉ። ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚጎዳ ታማሚው ቀደም ሲል በሌላ ሆስፒታል የወሰደውንም ጨምረው ድምሩን ይያዙ። መጠን መቀነስ ወይም ማዘግየት ከሥልጣንዎ በላይ ሲሆን፣ ታማሚው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ቢሆንም እንኳ፣ መጀመሪያ ስፔሻሊስቱን ያማክሩ።

በቤት የሚዋጡ መድኃኒቶች ቀላል ይመስላሉ፤ አይደሉም። ካፔሲታቢን የተባለው የሚዋጥ የካንሰር መድኃኒት ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ለከባድ ደም መፍሰስ ሊዳርግ ስለሚችል ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይጠይቁ። ካፔሲታቢን በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋልና የዕረፍቱን ቀናት በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ በዚያው ወረቀት ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን የሚደውልበትን ስልክ ያስፍሩ።